ቃሪያ ቤት ውስጥ በኮኮ ማሳደግ፦ ከአፈር ለሚመጣ ጀማሪ

ይሄን የምጽፈው ቤት ውስጥ፣ በመብራት፣ በኮኮ (በአፈር ፈንታ የሚገባ የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ ነው) ቃሪያ ለማሳደግ ለሚያስብ ጀማሪ ነው፣ በተለይ ደግሞ አፈር ለለመደ ሰው። አፈር የለመደ ሰው ኮኮ ላይ ምንም ከማያውቀው ሰው በላይ ይቸገራል። እኔም ከአፈር ነው የመጣሁት፣ ስለዚህ የትኛው ልማድ እንደሚያስቸግር አውቀዋለሁ። ኮኮ ሲያዩት አፈር ነው የሚመስለው፣ ቡናማ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ እርጥበት ይይዛል፣ እና እጃችን ሳናስበው እንደ አፈር ይይዘዋል፣ ሲደርቅ ውሃ ማጠጣት፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ማዳበሪያ ጣል ማድረግ ምናምን። ግን ኮኮ ውስጥ ምግብ የለም፣ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ስሩን ደግፎ ውሃና አየር የሚያቀብል ነገር ነው፣ ተክሉ የሚበላውን በሙሉ የምታቀርቡት እናንተ ናችሁ፣ ያውም ውሃ ባጠጣችሁ ቁጥር። ከታች የምጽፈው ዝርዝር ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ነገርየው የሚሰራው ከኮኮናት ፍሬ ነው፣ በጠንካራው ቅርፊትና በውጪው ቆዳ መሀል ካለው ቃጫ ቃጫ ክፍል። ገመድና ምንጣፍ የሚሰራበት ረጅሙ ቃጫ ተለይቶ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ብናኝ ነው ተጨምቆ በብሎክ የሚሸጠው። አብዛኛው የሚመጣው ከህንድና ከስሪላንካ ነው። ቃጫው በቀላሉ እንዲላቀቅ ልጣጩን ብዙ ጊዜ የባህር ውሃ ወይም ጨው የቀላቀለ ውሃ ውስጥ ይነክሩታል፣ ስለዚህ ሶዲየምና ክሎራይድ ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ ከዛ ላይ ደግሞ ኮኮናት በተፈጥሮው ፖታሲየም የበዛበት ነው። ይሄንን ለምን እንዳነሳሁት አሁን ይገባችኋል።

የመጀመሪያው ስራ ማጠብ ነው። 650 ግራም የምትመዝነዋ ትንሿ ጡብ ባልዲ ውስጥ ሆና ከ3 እስከ 4 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ስታፈሱባት ታብጥና ወደ 8 ወይም 9 ሊትር ኮኮ ትሆናለች። ደረቁን በእጅ ለመፈረካከስ አትታገሉ፣ አቧራው አፍንጫና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ውሃው ይስራላችሁ። ካበጠ በኋላ በቀጭን ወንፊት ወይ በጨርቅ ከረጢት አድርጋችሁ ንጹህ ውሃ ደጋግማችሁ አሳልፉበት፣ የሚወጣውን ውሃ በኢሲ መለኪያ ለኩት፣ ከምታፈሱት ውሃ ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ ባጠቃላይ ከ0.5 በታች ሲወርድ፣ ጨው አለቀ ማለት ነው። ኢሲ ማለት ውሃው ውስጥ ምን ያህል ጨው እንደሟሟ (ማዳበሪያም ጨው ነው) በኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ችሎታው የሚለካበት ቁጥር ነው (እዚህ የምጽፈው ሁሉ በሚሊሲመንስ በሴንቲሜትር ነው)፣ መለኪያዋ እስክሪብቶ የምታክል ናት።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል። ታጠበ፣ በቃ፣ እንትከል። ቆይ። ማጠብ የሚያወጣው ልቅ የሆነውን ጨው ብቻ ነው። የኮኮው ብናኝ ላይ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸው ቦታዎች አሉ፣ እዛ ላይ ፖታሲየምና ሶዲየም ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል፣ በንጹህ ውሃ ቢታጠቡም አይነሱም። ካልሲየምና ማግኒዢየም ሲመጡ ግን ይበረታሉ፣ እነሱን አስነስተው ራሳቸው ይቀመጣሉ። እንግዲህ ተክሉን ተክላችሁ ማዳበሪያ ስታፈሱ ካልሲየሙን ኮኮው ይወስደዋል፣ ለተክሉ የሚደርሰው ደግሞ የተባረረው ሶዲየምና ፖታሲየም ነው። መለኪያችሁ ላይ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ተክሉ ግን ካልሲየም አጥቶ አዲስ ቅጠሉ ይጨማደዳል። መፍትሄው ከመትከላችሁ በፊት ወንበሩን በካልሲየም መሙላት ነው። በሊትር 1.5 ግራም አካባቢ ካልሲየም ናይትሬት አሟሙታችሁ (ኢሲው ወደ 1.8 ይመጣል) ኮኮውን እዛ ውስጥ ከ8 ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ነክሩት፣ እኔ ማታ ነክሬ ጠዋት ነው የማጠነፍፈው። ካልሲየምና ማግኒዢየም አንድ ላይ ያለው ካልማግ የሚባለው ፈሳሽም ይሰራል። ውሃውን ድፉት፣ ለተክል አትስጡት፣ የተባረረው ጨው በሙሉ እዛ ውስጥ ነው። ከረጢቱ ላይ ታጥቦ በካልሲየም ታክሟል ወይም በፈር ተደርጓል የሚል ካለበት ይሄን ሁሉ መዝለል ትችላላችሁ፣ እኔ ግን እሱንም አንዴ ውሃ አሳልፌበት ኢሲውን ሳላይ አልተክልበትም።

ከዛ ፐርላይት (በሙቀት ያበጠ ቀላል ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ ነው) ቀላቅሉ፣ 7 እጅ ኮኮ 3 እጅ ፐርላይት። ያለ ፐርላይትም ይሆናል፣ ግን ፐርላይት ያለበት ቶሎ ስለሚያጠነፍፍ ለጀማሪ ይቅር ባይ ነው፣ አብዝታችሁ ብታጠጡም ስሩ አየር ያገኛል። ፐርላይቱንም ከመቀላቀላችሁ በፊት አርጥቡት፣ አቧራው ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ዘሩ ላይ ብዙ አልቆይም። ግማሽ ሴንቲሜትር ጥልቀት፣ እርጥብ ግን የማይንጠባጠብ ኮኮ፣ እና ሙቀት። ቃሪያን የሚያበቅለው ሙቀት ነው፣ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሲያገኝ የተለመደው ዓይነት ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ብቅ ይላል፣ እንደ ሃባኔሮ ያሉት በጣም የሚያቃጥሉት ግን አንድ ወር ገደማም ሊቆዩ ይችላሉ ስለዚህ ተስፋ ቆርጣችሁ አትቆፍሩ። ብቅ እንዳለ ወዲያው መብራት ስር አስገቡት። መብራት ካነሰው አንገቱ ይረዝምና ይወድቃል።

መትከያውን በተመለከተ፣ ችግኙን ቀጥታ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ አትክተቱት። ትንሽ ስር ያለው ተክል 10 ሊትር ኮኮ መጠጣት አይችልም፣ ኮኮው ለብዙ ቀን ረጥቦ ይቀራል፣ እናንተም በየቀኑ ማጠጣት አትችሉም፣ የኮኮ ጥቅሙ ደግሞ ያው በየቀኑ ማጠጣቱ ላይ ነው። መጀመሪያ ግማሽ ሊትር ኩባያ፣ ስሩ ከስር ቀዳዳ ብቅ ሲል 2 ወይም 3 ሊትር፣ ከዛ የመጨረሻው 10 ሊትር። ሲዛወር ስሩ ነጭ ሆኖ ኮኮውን እንደ መረብ ይዞት ከወጣ ሁሉ ነገር ደህና ነው።

አሁን ዋናው፣ ምግቡ። ለኮኮ ተብሎ የሚሸጥ ማዳበሪያ አብዛኛውን ጊዜ ኤ እና ቢ ተብሎ በሁለት ጠርሙስ ነው የሚመጣው። ሁለት የሆነው ገንዘብ ለመሰብሰብ አይደለም። ካልሲየም ያለው ባንዱ ነው፣ ሰልፌትና ፎስፌት ያለው በሌላው ነው፣ ሁለቱ ሳይቀጥኑ ቢገናኙ እንደ ጂፕሰም ያለ ነጭ ዝቃጭ ሰርተው ከስር ይቀመጣሉ፣ እዛ የተቀመጠውን ደግሞ ተክል አያገኘውም። ስለዚህ መጀመሪያ ባልዲው ላይ ውሃ፣ ከዛ ኤ፣ በደንብ ማማሰል፣ ከዛ ቢ፣ ማማሰል፣ ፒኤች (የውሃው አሲድነት የሚለካበት ቁጥር) ማስተካከል መጨረሻ ላይ። ኤ እና ቢን ባንድ ኩባያ ለክቶ መደባለቅ አይሞከርም። ውሃችሁ ለስላሳ ከሆነ ወይም የተጣራ ከሆነ መጀመሪያ ካልማግ ጨምሩበት፣ የቧንቧ ውሃችሁ ከባድ ከሆነ ግን ካልሲየሙ እዛው ስላለ ላያስፈልግ ይችላል። የቧንቧ ውሃ ብቻውን ኢሲው ስንት እንደሆነ ሳታውቁ ማዳበሪያ አትጀምሩ፣ 0.4 የሆነ ውሃና 0 የሆነ ውሃ አንድ አይደሉም።

እኔ የምሰራባቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ገና ሁለት ቅጠል ያለው ችግኝ ከ0.4 እስከ 0.8 ኢሲ፣ ቅጠል እየጨመረ ሲሄድ ከ1.2 እስከ 1.6፣ አበባና ፍሬ ሲይዝ ከ1.8 እስከ 2.2። ማዳበሪያው ጠርሙስ ላይ የተጻፈው መጠን ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል፣ እኔ በግማሹ ጀምሬ ነው ተክሉን እያየሁ የምጨምረው። ፒኤች ከ5.8 እስከ 6.2። ከ6.5 ሲያልፍ አይረን ማዳበሪያው ውስጥ እያለ ተክሉ መውሰድ ያቅተዋል፣ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ይሆናል ደም ስሮቹ አረንጓዴ ሆነው። ፒኤች ለመቀነስ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጠውን ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ፈሳሽ ጓንት አድርጋችሁ በጠብታ ጨምሩ። ሲትሪክ አሲድም ይቀንሳል፣ ግን አይቆይም፣ ባክቴሪያ ይበላዋል መሰለኝ ባጭር ጊዜ ፒኤቹ ተመልሶ ይወጣል።

ስለ መለኪያ አንድ ነገር፣ ፒፒኤም (ያንኑ የጨው መጠን በሌላ አቆጣጠር) ብለው ከሚያወሩ ሰዎች ጋር ቁጥር ስትለዋወጡ ተጠንቀቁ። አንዱ መለኪያ 1.0 ኢሲን 500 ፒፒኤም ይለዋል፣ ሌላው 700 ይለዋል፣ ውሃው ግን አንድ ነው። አንድ ሰው 1000 ፒፒኤም ስጡ ቢላችሁና የናንተ መለኪያ የሌላኛው ዓይነት ከሆነ ከ1.4 ወደ 2.0 ዘላችሁ ማለት ነው። በኢሲ ብቻ አውሩ፣ ይገላግላል። የፒኤች መለኪያ ደግሞ ጫፉ እንዲደርቅ አይወድም፣ ማስቀመጫ ፈሳሹ (ፖታሲየም ክሎራይድ ነው) ውስጥ ይቀመጥ፣ በንጹህ ውሃ አይደለም፣ እና በየጊዜው ፒኤቻቸው 4 እና 7 በሆነ ማስተካከያ ፈሳሽ ይስተካከል። መለኪያው ሲዋሽ ተክሉን የታመመ ያስመስላል።

ውሃ ማጠጣቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙው ተክል የሚበላሸው እዚህ ነው። የአፈር ሕግ ከላይ ሲደርቅ አጠጣ ነው። ኮኮ ላይ ማድረቅ ጎጂ ነው፣ ለምን ብትሉ ተክል ውሃና ማዳበሪያ እኩል አይጠጣም፣ ሞቅ ባለ ቀን ውሃውን ነው አብዝቶ የሚጠጣው። 1.6 ኢሲ አጠጥታችሁ ከውሃው ግማሹ ሲያልቅ ማዳበሪያው በቀረው ግማሽ ውሃ ውስጥ ነው ያለው፣ ስለዚህ ስሩ አሁን ወደ 3 የሚጠጋ ጨው ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ሰሞን ለማየት ብዬ ከአንድ ፓኬት ዘር የወጡ ሁለት ችግኞች ጎን ለጎን አስቀምጬ አንዱን በየቀኑ፣ ሌላውን ማሰሮው ቀለል ሲል ብቻ አጠጣሁ፣ አንድ ባልዲ ማዳበሪያ ነው የሁለቱም። በየቀኑ የሚጠጣው ከማሰሮው ስር የሚወጣው ውሃ ኢሲው ከምሰጠው ትንሽ ብቻ ነበር የሚበልጠው፣ የሁለተኛው ግን ከ3 አለፈ፣ የቅጠሉ ጫፍ ሁሉ ተቃጠለ፣ ያጠጣሁት ማዳበሪያ ግን ከሌላኛው ያነሰ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ማዳበሪያ በዛበት ብሎ ይቀንስና ያው እያደረቀ ይቀጥላል፣ አይሻልም።

ስለዚህ ስታጠጡ ከስር እስኪወጣ ድረስ አጠጡ፣ ከሰጣችሁት ከ10 እስከ 20 በመቶው ከስር መውጣት አለበት፣ 1 ሊትር ከሰጣችሁ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ያ ውሃ የተጠራቀመውን ጨው ይዞ ይወጣል። ማሰሮውን ከፍ አድርጋችሁ ሰሃኑ ላይ ያለውን ውሃ ድፉት፣ ኮኮው ከታች መልሶ እንዳይጠጣው። ስንት ጊዜ ለሚለው፣ ኩባያ ላይ ያለ ትንሽ ችግኝ በቀን ወይ በሁለት ቀን አንዴ ይበቃዋል፣ ስሩ ማሰሮውን ሲሞላ በቀን አንዴ፣ ፍሬ የተሸከመ ትልቅ ተክል በቀን ሁለቴም ሶስቴም ይፈልጋል። የምለካው በማንሳት ነው፣ ካጠጣሁ በኋላ አነሳና ክብደቱን እጄ እንዲያውቀው አደርጋለሁ፣ ከያዘው ውሃ ግማሹን እስኪያጣ አልጠብቅም። ከላይ ያለው ደረቅ ይምሰል አይምሰል ብዙም አይነግራችሁም፣ ጣት ነክሮ ማየትም እንደዛው፣ ክብደት ነው።

የሚወጣውን ውሃ ኢሲ በሳምንት አንዴም ቢሆን ለኩት። ከሰጣችሁት በ0.2 ወይ በ0.4 ቢበልጥ ጤነኛ ነው። በጣም ከበለጠ ኢሲውን ወደ 0.8 አድርጋችሁ ብዙ አፍስሱበት እስኪወርድ ድረስ፣ ባዶ ውሃ ግን አይደለም፣ ባዶ ውሃ ደጋግማችሁ ካፈሰሳችሁ ያ ሁሉ የደከማችሁበት ካልሲየም እየታጠበ ይሄዳል። ከሰጣችሁት ካነሰ ደግሞ ተክሉ ርቦታል፣ ትንሽ ጨምሩ። ይሄ አንድ ልኬት ነው ከቅጠል ቀለም በፊት የሚነግራችሁ፣ ቅጠል ላይ እስኪታይ ድረስ ነገሩ ቆይቷል።

ቅጠል ላይ የሚታየውን ለሚፈልግ ደግሞ ባጭሩ፣ ከታች ያለው አሮጌ ቅጠል በሙሉ ወጥ ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን፣ አሮጌው ቅጠል ደም ስሩ አረንጓዴ ሆኖ መሀል መሀሉ ቢጫ ከሆነ ማግኒዢየም፣ ያው ዓይነት ቢጫ አዲሱ ቅጠል ላይ ከሆነ አይረን ነው ወይም ፒኤች ወጥቷል። አዲሱ ቅጠል ተጠምዞ ከወጣ ወይም የፍሬው ታችኛው ጫፍ ቡናማ ሆኖ ከሰረጎደ ካልሲየም። የቃሪያ ቅጠል ሆዱ ላይ ትንንሽ አሸዋ የመሰሉ እብጠቶች ካያችሁ ግን በሽታ አይደለም፣ አየሩ እርጥበት በዝቶበት ተክሉ የጠጣውን ውሃ ማስወጣት ስላቃተው ነው፣ ፋን አብሩለት። ግንዱ መጋጠሚያ ላይ ወይንጠጅ ቀለም ሲያዩ ፎስፈረስ አነሰው ብለው የሚደነግጡም አሉ፣ ብዙ የቃሪያ ዝርያ ኤልኢዲ ስር እንደዛ ነው፣ ተዉት።

መብራት። ፀሐይ ያለበት መስኮት ችግኝ ያሳድጋል፣ ፍሬ ለማግኘት ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ነጭ ብርሃን ያለው ኤልኢዲ ምንም አይልም፣ ሐምራዊ የሆነ ብርሃን ግዴታ አይደለም፣ እንደውም ሐምራዊ ስር ቅጠሉ ቢጫ ይሁን አረንጓዴ ማየት ስለማይቻል እኔ አልወደውም። ዋት ሲያወሩ ከግድግዳ የሚስበውን ጠይቁ፣ ካርቶኑ ላይ 1000 ተብሎ በትልቁ ተጽፎ ከሶኬት 100 ዋት ብቻ የሚስብ ሞልቷል። ቃሪያ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት መብራት ይመቸዋል፣ አበባ ለማውጣት ጨለማ ሰዓት መጨመር አያስፈልገውም። ብርሃኑን ፒፒኤፍዲ በሚባለው (በየሰከንዱ ተክሉ ላይ የሚያርፈው የሚጠቅመው ብርሃን መጠን ነው) ለክታችሁ ችግኝ ከ150 እስከ 250፣ ፍሬ ላይ ያለ ከ400 እስከ 600 ከሆነ ጥሩ ነው። 400 በ16 ሰዓት ሲሰላ የቀኑ ጠቅላላ ብርሃን 23 ሞል (የብርሃን ብዛት መለኪያ ነው) ገደማ ነው፣ ለቃሪያ በቂ። መለኪያ ከሌላችሁ ተክሉን እዩት፣ በመገጣጠሚያዎቹ መሀል ያለው ግንድ እየረዘመ ከሄደ መብራቱን ዝቅ፣ የላይኛው ቅጠል ወደ ላይ ተጠቅልሎ ከነጣ ከፍ። 100 ዋት 16 ሰዓት ሲበራ በቀን 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በወር 48፣ ከመጀመራችሁ በፊት ሂሳቡን አስቡት። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን ደግሞ መሬት ላይ አታስቀምጡ፣ ከማሰሮዎቹ በላይ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፣ ገመዱም ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ይውጣ ውሃ ቢፈስበት እዛው እንዲንጠባጠብ።

ሙቀቱ ቀን ከ22 እስከ 28፣ ማታ ከ18 እስከ 20 ነው ምቹው። ከ32 በላይ ሲቆይ ወይም ማታ ከ15 በታች ሲወርድ አበባው ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል፣ ያኔ ማዳበሪያ ብትቀያይሩ ምንም አታመጡም። ሌላው የአበባ መርገፍ ምክንያት ንብ አለመኖሯ ነው። የቃሪያ አበባ ወንድም ሴትም ራሱ ውስጥ አለው፣ የሚፈልገው መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። ውጪ ንፋስና ንብ ይሰሩታል፣ ቤት ውስጥ ፋኑ ይረዳል፣ እኔ ከፋኑ ሌላ በኤሌክትሪክ ጥርስ ብሩሽ ጀርባ የአበባውን አንገት ነካ ነካ አደርጋለሁ፣ ቢጫዋ ብናኝ ስትበተን ትታያለች። የመጀመሪያዋ አበባ ተክሉ ገና ትንሽ እያለ ከመጣች መቀንጠስ ይሻላል፣ አንድ ፍሬ ተሸክሞ ማደግ ከሚያቆም።

ነፍሳት ቤት ውስጥ የሉም ብላችሁ አታስቡ። ኮኮ ላይ የሚበዙት ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ናቸው፣ እጮቻቸው ከላይ ያለው እርጥብ ኮኮ ውስጥ ኖረው የችግኝ ስር ይበላሉ። ቢጫ የሚያጣብቅ ወረቀት በራሪውን ይይዛል፣ እጩን ግን አይነካም፣ ለሱ ቢቲአይ የሚባለውን ባክቴሪያ (ሙሉ ስሙ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ እስራኤለንሲስ) ከምታጠጡት ውሃ ጋር መስጠት ነው። ትልቅ ተክል ብዙም አይጎዱትም፣ ችግኝ ላይ ነው የሚከፉት። ክሽክሽ ግን ለቃሪያ የከፋ ነው፣ አዲሱ ቅጠል ሆድ ስር ተኮልኩሎ ይመጣል፣ ውጪ እንደሚሆነው የሚበላው ጥንዚዛ የለም፣ አንዷ ሳትወልድ አታድርም፣ ወንድ እንኳን አያስፈልጋትም። ሳይበዛ በውሃ አጥቡት፣ ከዛ ለተክል የሚሆን ሳሙና በየተወሰነ ቀኑ ደጋግማችሁ ቅጠሉን ገልብጣችሁ ንፉት፣ መብራት ሲጠፋ፣ መብራት ስር ከሆነ ቅጠሉን ያቃጥላል። አዲስ ተክል ከውጪ ስታመጡ ለብቻው አቆዩት እላለሁ፣ አብዛኛው ነገር በዛ ነው የሚገባው።

ስለ መቁረጥ ሁለት ሀሳብ አለ። ጫፉን ቆርጦ ቅርንጫፍ እንዲያወጣ ማድረግ ይቻላል፣ ተክሉ አጠር ደልደል ይላል፣ መብራቱ ዝቅ ላለበት ሰው ጥሩ ነው፣ ግን ፍሬው ይዘገያል። ረጅም ጣሪያ ካላችሁ ዝም በሉት፣ ቃሪያ ራሱ እንደ Y ፊደል ሆኖ ለሁለት ይከፈላል።

ፍሬው አበባው ከያዘ በኋላ አረንጓዴ ሆኖ ለመብላት ከ5 እስከ 7 ሳምንት ይፈጃል እንደ ዝርያው፣ ቀይ እስኪሆን ደግሞ ተጨማሪ 2 ወይ 3 ሳምንት። በመቀስ ቁረጡ፣ ስትጎትቱ ቅርንጫፉ ነው የሚገነጠለው። አረንጓዴውን ቶሎ ቶሎ ከቆረጣችሁ ሌላ አበባ ያወጣል፣ ሁሉንም እስኪቀላ ካቆያችሁት አዲስ አበባ ይቀንሳል፣ ስለዚህ እኔ ለዘር የምፈልጋቸውን ጥቂቶች ብቻ ነው የማቆየው። በጣም የሚያቃጥለውን ዓይነት የምታሳድጉ ከሆነ ጓንት አድርጉ፣ ዓይን የመነካካት ልማድ ያለው ሰው በተለይ።

ቃሪያ ዓመት ጨርሶ የሚሞት ተክል አይደለም፣ ምርቱ ሲቀንስ ቅርንጫፎቹን አሳጥራችሁ ኢሲውን ቀነስ አድርጋችሁ ብታሳርፉት እንደገና ያቆጠቁጣል። ሊነቀል ከሆነ ኮኮውን አትጣሉት። ትልልቁን ስር ልቀሙ፣ ቀሪውን በውሃ አጥቡ ኢሲው እስኪወርድ፣ እንደገና ካልሲየም ናይትሬት ውስጥ ንከሩት፣ ለሚቀጥለው ተክል ይሆናል፣ እንደውም ሁለተኛ ዙር ላይ ጸባዩ የተረጋጋ ነው። በሽታ የነበረበት ወይም ስሩ ቡናማ ሆኖ የሸተተ ከሆነ ግን ለማዳን አትድከሙ። ብዙ ዙር ከሄደ ብናኙ ይደቅና ውሃ ማጠንፈፍ እንቢ ይላል፣ ማሰሮው ላይ ውሃ ስታፈሱ ከላይ ተኝቶ ቀስ እያለ ሲወርድ ታዩታላችሁ፣ ያኔ ውጪ ያለ የአትክልት መደብ ካላችሁ አፈሩ ላይ ቀላቅሉትና አዲስ ብሎክ ክፈቱ።